ትከሻው ላይ የቀረው እጅ

«ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው?»

አቶ አለባቸው ይህን የጠየቁት በሰው ሁሉ ፊት ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ አላሰቡም። ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ ገና እጁን መታጠቡ ነበር። የአዋሽ ፀሐይ የእድሩን ድንኳን ከላይ ታነድደዋለች፤ ከታች ሰው ያገኘውን ካርቶን እየቀደደ ፊቱን ያራግባል። ራስጌ ካለው ጠረጴዛ ላይ የሟቹ ትልቅ ፎቶ ቆሟል፤ ማዕዘኑ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሮበታል። ሟቹ ከተማ የሚባለው ወጣት ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እንደ ልማዱ ትንሽ አፍሮ፣ ፈገግ ብሏል። ግራ ትከሻው ላይ አራት ጣቶች አርፈዋል። ጥፍሮቹ ቀይ ናቸው። ክንድ የለም፣ ሰው የለም፤ ከፎቶው ጠርዝ አራት ጣቶች ብቻ ብቅ ብለው ትከሻውን ይዘዋል።

የማን እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም። ዓይን ሁሉ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት አግዳሚ ዞረ፣ ጫፉ ላይ ወዳለችው ልጅ። ወንጌላዊት እጆቿን ነጠላዋ ስር አስገባች። ጥፍሯ እስካሁን ቀይ ነው።

እስኪ ምን ትበል? የኔ ነው ብላ ትነሳ?

ከፋሲካ በኋላ የከተማ ሚስት ልትሆን ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰቦቿ እሺ ብለው፣ ቀን ተቆርጦ ነበር። ቀን መቁረጥ ግን ሚስት አያደርግም፤ ለቅሶ ቤት ይህን በደንብ ያውቃል። ፍራሹ የእናት ነው፣ የእህትና የወንድም ነው፣ ሚስት ካለችም የሚስት ነው። እጮኛ የት ትቀመጥ? ማንም አስቦበት አያውቅም። ለቀስተኛ ሲገባ ፍራሹ ጋ ሄዶ ያለቅሳል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ ከዚያ ዞር ብሎ አግዳሚው ላይ ላሉት ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። ለወንጌላዊት የሚደርሳት ያ የራስ ንቅናቄ ነው። የገዛ ሰውን ለቅሶ በእንግድነት መቀመጥ! ምን ዓይነት ግፍ ነው? እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ሌላ ፎቶ የለውም» አለ አብርሽ። አብርሽ እዚሁ አዋሽ ፎቶ ቤት ያለው፣ ከከተማ ጋር አብሮ ያደገ ልጅ ነው። ለሰርጉ ሚዜም ፎቶ አንሺም እኔ ነኝ ብሎ ሲፎክር ከርሟል፤ አሁን ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «የመስሪያ ቤት መታወቂያውን አየሁት፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ደህና ሆኖ የወጣው ይሄ ብቻ ነው። እሷን ስቆርጣት እጇ ቀረ።»

«ከቆረጥክ አይቀር ቁረጠዋ! የሞተ ሰው ትከሻ ላይ ቀይ ጥፍር! ሰው ምን ይለናል?»

«ትከሻው አብሮ ይሄዳል ጋሼ። ኮምፒውተር ላይ ቀስ ተብሎ ነው የሚጠፋው። ለሠልስት አደርሰዋለሁ።»

አቶ አለባቸው የሟቹ የአባቱ ወንድም ናቸው፤ የእድሩም ዳኛ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ሰው ምን ይለናል የሚሉት ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰላም ነስቷቸዋል። የወንድማቸውን ልጅ ቀብረው መምጣታቸው ነው፤ ማልቀስ ሲያቅታቸው ሊቆጡበት የሚችሉት ነገር አገኙ።

ይሄኔ እናቲቱ፣ እትዬ አትክልት፣ ከፍራሹ ተነሱ። ሁለት ሴቶች ሊደግፏቸው ሲሉ በክርናቸው ገፏቸው። ፎቶው ጋ ደርሰው መዳፋቸውን በቀዮቹ ጣቶች ላይ ጫኑት፤ ሙሉ በሙሉ ሸፈኗቸው። «ከተማዬ፣ ከተማዬ» አሉ፤ ድምፃቸው አልቆ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው።

«አየሽ፣ እጇን ማየት እንኳ አቅቷቸዋል» አለች አግዳሚው ላይ ያለች አንዷ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና።

«ይፈረድባቸዋል? አዋሽ ልዛወር ሲል ሰመራ ያስቀረችው እሷ አይደለች?»

«ያ የሰመራ ትኩሳት ደግሞ…»

«ተይው በናትሽ።»

ወንጌላዊት ሰማች። እንዳትመልስ እውነትነት አለው። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሰመራ ነው፤ ከተማ ዝውውሩን የተወው ለሷ ብሎ ነው። ባይቀር ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር ወይ? ይህን ማን ያውቃል። እሷ ግን ከሆስፒታሉ በር ከወጣች ጀምሮ ሌላ ነገር አስባ አታውቅም።

ከተማ ፎቶ ይፈራ ነበር። ጉድ እኮ ነው! የውሃ ፓምፕ ሊጠግን በዚያ ሐሩር አፋምቦ ድረስ የሚሄድ፣ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ የሚወርድ ሰው፣ ካሜራ ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። ሠርግ ያለ ፎቶ አይሆን ነገር፣ ከዚህ ዓመት መባቻ ጀምሮ ሥራ ሲወጡ የሰርጉን ፎቶ ማቀድ ሆነ ወሬያቸው። የሚያቅዱት ሰመራ፣ ዙሌይካ ሻይ ቤት፣ ውጭ፣ ሰማያዊው ግድግዳ ስር ተቀምጠው ነው። ዙሌይካ የወሎ ሰው ናት፤ አፏ አያርፍም፣ እጇም አያርፍም። ዕቅዳቸው ደግሞ በብርጭቆ ነበር።

«ይቺ ብርጭቆ እኔ ነኝ» ትላለች ወንጌላዊት። «ይሄኛው አንተ። ውሃው እናትህ። ስኳር ማስቀመጫው ጋሽ አለባቸው።»

«ለምንድን ነው አጎቴ ስኳር የሚሆኑት?»

«ሆዳቸውን አይተኸዋል?»

ከተማ ይስቃል። ዙሌይካ መጥታ ስኳር ማስቀመጫውን ታነሳለች፦ «አጎትህን ወሰድኳቸው፣ እዚያ ጠረጴዛ ተፈልገዋል።»

ወንጌላዊት የአዋሽ ፏፏቴ ጋ እንነሳ ትላለች፤ ቬሎዋ ከውሃው ጋር እንዲታይ። ኬክ ሲቆረስ ትላለች። ሚዜዎቹ መነጽር አድርገው ሲዘሉ ትላለች።

«እኔ አልዘልም» ይላል ከተማ። «ሰው በሰርጉ ቀን ምን አስዘለለው?»

«እሺ አንተ ምን ትፈልጋለህ? አንድ ንገረኝ።»

ከተማ የውሃውን ብርጭቆ ወደ ራሱ ሳበ። «እማዬን። ካባውን ሳትለብስ። ጠዋት፣ በቤት ቀሚሷ፣ ሰው ሳይመጣ፣ በሩ ላይ ቆማ።»

«በቤት ቀሚስ? በሰርግ? ሰው ምን ይላል?»

«ካባ ለብሳ ስትነሳ እኮ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው። እኔን ያሳደገችኝ ያቺ የቤት ቀሚስ የለበሰችዋ ናት።»

ወንጌላዊት ያኔ ሳቀችበት። የእናት ልጅ አለችው። ዙሌይካ ግን አልሳቀችም፤ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ሄደች።

አብርሽ ለሌላ ሰው ሠርግ ሥራ ሰመራ የመጣ ቅዳሜ፣ ለሙከራ ላንሳችሁ አለ። ወንጌላዊት ለሰርጉ ያሰበችውን ጥፍር ቀለም ያን ቀን ሞከረችው። ከተማ ሰማያዊው ግድግዳ ጋ ቆሞ ተገተረ።

«ሙሽራ ነው የማነሳው ወይስ የስልክ እንጨት?» አለ አብርሽ።

«እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም!»

«እጅህን ተወው» አለችው ወንጌላዊት። «እኔ እይዝሃለሁ።» ትከሻውን ያዘችው። ከተማ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ፊቱም ፈታ አለ። አብርሽ ያኔ ነው ያነሳው።

ሳምንት ሳይሞላው ታመመ።

በማግስቱ ወንጌላዊት ድንኳኑ ውስጥ አልተቀመጠችም። አግዳሚው ላይ ከመቀመጥ ሽንኩርት መላጥ ይሻላል ብላ ከቤቱ ጀርባ፣ ለለቀስተኛው ከሚያበስሉት ሴቶች ጋር ሆነች። የሽንኩርት ደግነቱ፣ ማንም ለምን ታለቅሻለሽ አይልም። ዙሌይካ ከሰመራ አስከሬኑን አጅባ መጥታ አልተመለሰችም፤ ሻይ ቤቷን ዘግታ እዚሁ ናት። ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ካለው ሱቅ የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቅ አሴቶን ገዝታ መጣች።

«እጅሽን ስጪኝ።»

«ይቅር ዙሌይካ።»

«አይቀርም። ሽንኩርቱ ሁሉ ጥፍርሽን አይቶ አፈረ። ነይ።» ጥጥ አርሳ አውራ ጣቷን ያዘች። ትንሽ ካሻሸች በኋላ ጥጡን አቆመች። «ቀለሙ ያምር ነበር እኮ፣ ወላሂ» አለች። «እኔ ደግሞ ለሰርጋችሁ ሒናዬን ልሞቅ… አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ እህቴ። ለሁላችንም ይስጠን።»

ወንጌላዊት ጥፍሮቿ አንድ በአንድ ሲነጡ ታያለች። ያ ቅዳሜ በጥጥ እየተጠረገ የሚሄድ መሰላት። እጇን ልትነጥቅ ፈለገች፤ አቅም አልነበራትም።

«እትዬ አትክልት ይጠሩሻል» የሚል ድምፅ ከቤቱ በር መጣ።

ጓዳው ጨለም ያለ ነው፤ መጋረጃው ሙቀት እንዳይገባ ወርዷል። እትዬ አትክልት አልጋው ጫፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሁለቱ እስከዛሬ የተያዩት አንዴ ነው፤ ያኔም ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ወንጌላዊት ወጥ ጨልፊ ሲሏት ደህና አድርጋ አልጨለፈችም ተብሎ ነበር።

«ተቀመጪ። ያ ፎቶ የት ነው የተነሳው?»

ነገረቻቸው። ስለ ሰማያዊው ግድግዳ፣ ስለ ዙሌይካ፣ ስለ ብርጭቆዎቹ ነገረቻቸው። ስለ ቤት ቀሚሱ መናገሩን ፈራች፤ ከዚያ እሱንም ነገረቻቸው።

«በቤት ቀሚስ?» አሉ እትዬ አትክልት። «በዚህ በተቀዳደደው? እብድ!» ሊስቁ ነበር፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነባቸው። ወንጌላዊት እጃቸውን ልትይዝ አስባ ተወችው።

ቆይተው ፊታቸውን ጠረጉ። «አሁን ሕመሙን ንገሪኝ። ሁሉም ‹አልተሰቃየም› ይሉኛል። ውሸታቸውን ነው። አንቺ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ራሴን አለ። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ ባጃጁ ላይ መቀመጥ አቅቶት ነበር፤ ከኋላው ሆኜ ትከሻውን ይዤው ሄድኩ። ሐኪሞቹ ብዙ ደከሙ። መተኛት አልቻለም፤ ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል። አልጋው ላይ ከጀርባው ተቀመጥኩ፣ ተደገፈኝ። እንደዚያ ሆኖ ነው ያደረው። እንደዚያ ሆኖ ነው…» አልጨረሰችውም።

ከውጭ የከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ወደ ገዋኔ የሚሄዱት እዚያ መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ ያጮሃሉ።

«እና ለምን አልደወልሽልኝም?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ወንጌላዊት ታውቅ ነበር። ሌላውን ሁሉ ስትናገር የምትጠብቀው እሱን ነበር። «እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው። ትደነግጣለች፣ ተሽሎኝ ራሴ እደውላለሁ አለኝ።»

«እሱ ስላለ?»

«እሱ ስላለ።»

«ልጅ ነው! የታመመ ልጅ ነው! የታመመ ልጅ የሚለው ይሰማል? መኪና አጥቼ ነው? በእግሬ አልመጣም ነበር? አንድ ቃል… አንድ ቃል ብትነግሪኝ እጁን ይዤ…» ተቋረጠባቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሂጂ። ሂጂልኝ አሁን።»

ወንጌላዊት ወጣች። ዙሌይካ ምን አሉሽ ስትላት ቢላዋውን አንስታ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰች። በዚያች አንዲት ነገር መዋሸት ትችል ነበር፤ ስልክ እንቢ አለኝ ብትል ማን ያጣራ ነበር? አልዋሸችም፤ አሁን አለቀ። ከሠልስት በኋላ ወደ ሰመራ እመለሳለሁ፣ ሁለተኛ እዚህ ደጅ አልደርስም ብላ ወሰነች። ልብሷን እንኳ በላስቲክ አድርጋ አዘጋጀች።

የሠልስቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዲሱ ፎቶ ቆሞ ነበር። አብርሽ ደህና አድርጎ ነው የሠራው፣ እሱ ይነገርለት። የሸሚዙን ነጭ ከዚህኛው ትከሻ ወስዶ እዚያኛው ላይ ሞልቶታል፤ እጅ የነበረበትን የማያውቅ ሰው ምንም አያይም። ሰማያዊው ግድግዳም የለም፤ በምትኩ ደመና ገብቷል።

«አሁን ገና ሰው ፊት የሚቆም ሆነ» አሉ አቶ አለባቸው። ጥቁሩን ሪባን ራሳቸው አስተካከሉት።

ወንጌላዊት ከመግቢያው ላይ ቆማ አየችው። ሲሞት እያየች እንኳ ይህን ያህል አልደነገጠችም፤ አሁን ግን ደነገጠች። ከተማ ብቻውን ነው። ያው ፈገግታ፣ ያው ሸሚዝ፤ ብቻውን። እንዲህ ብቻውን ሆኖ ፈገግ ብሎ እንደማያውቅ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል የሚያውቁት እሷና አብርሽ ናቸው። አብርሽ ዓይኗን ሸሸ።

እትዬ አትክልት ገቡ። እንደ ወትሮው ፍራሹ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ፎቶው ጋ ሄዱ፤ እንደ ወትሮውም መዳፋቸውን ትከሻው ላይ ጫኑ። ከዚያ መዳፋቸውን አነሱት። ጎንበስ ብለው አዩ። እንደገና ጫኑት።

«እጁስ?» አሉ።

«የምን እጅ?» አሉ አቶ አለባቸው።

«እዚህ የነበረው እጅ።»

«አጠፋነው እኮ። ነውር ነው አትክልት፤ ለቀስተኛው ሲንሾካሾክ ነበር። አንቺም ብትሆኚ ማየት አልቻልሽም፣ በእጅሽ ስትሸፍኚው ነው የዋልሽው።»

«እኔ?» እትዬ አትክልት ወደ እሳቸው ዞሩ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅ የላቸውም ሲባል ነበር፤ አሁን ግን ድንኳኑ ዳር ድረስ ተሰሙ። «እኔ ነኝ የሸፈንኩት? ስይዘው ነው እንጂ! የልጄን ትከሻ የያዘ እጅ ነው ብዬ ስይዘው!»

«አትክልት…»

«እኔ ልጄን አልያዝኩትም። ሲያቃስት አልነበርኩም። ባጃጅ ላይ ወድቆ ሲሄድ አልነበርኩም። የያዘው ያ እጅ ነው። ሌላ የያዘው የለም! አሁን ማን ይያዘው? ትከሻውን ባዶ አድርጋችሁ አቆማችሁብኝ!»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። አብርሽ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። «አለኝ እትዬ፣ የፊተኛው አለኝ፣ አላጠፋሁትም፣ አሁኑኑ አትሜ…» እያለ ወደ መውጫው ሄደ። አቶ አለባቸው ሪባኑን ነካ፣ ነካ አደረጉት።

ይሄኔ ከመንገዱ ላይ ዋይታ ተሰማ። ከድሬዳዋ የሟቹ የአባቱ ዘመዶች ናቸው፤ ለቀብሩ ያልደረሱት። ሐዘንተኛ ቆሞ ይቀበላል። ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ፣ ሴቶቹ እትዬ አትክልትን ከግራና ከቀኝ ሊይዙ መጡ። ወንጌላዊት የሚገቡት እንዲያልፉ መንገድ ልትለቅ ወደ ጥጉ ሸሸች፤ እንግዳ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

እትዬ አትክልት ደጋፊዎቹን አልፈው ሄደው ክንዷን ያዙ። ያያዛቸው የቁጣ ነው የሚመስለው። ጎተቷት። ራስጌ አምጥተው በቀኛቸው አቆሟት፣ አቶ አለባቸው ይቆሙበት በነበረው ቦታ። አቶ አለባቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«እትዬ፣ እኔ…» አለች ወንጌላዊት።

«ባለመደወልሽ አልማርኩሽም» አሉ እትዬ አትክልት፣ ዓይናቸውን ከመግቢያው ሳይነቅሉ። «እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። አሁን ቁሚ።»

ከፊት የገቡት ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ አትክልትን አቅፈው አለቀሱ፤ የሟቹን ስም፣ የአባቱንም ስም እየጠሩ አለቀሱ። ከዚያ ቀና ሲሉ ከጎን የቆመችውን አዩ። አላወቋትም።

«ይቺስ ልጅ ማን ናት?»

«ሚስቱ ናት።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉ። «እግዜር ያጥናሽ።»

ወንጌላዊት አሜን ለማለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን እስከዛሬ ጥርሷን ነክሳ የያዘችው ነው። ጮኸች። ቀጥሎ የመጣችው ሴት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ ከኋላዋ ሌላ፣ ከኋላዋ ሌላ። ሰልፉ ከድንኳኑ ወጥቶ አስፋልቱ ድረስ ደርሷል። እትዬ አትክልት በመሃል የነጠላቸውን ጫፍ አነሱና አፍንጫዋን ጠረጉላት፤ ከዚያ ቀጣዩን ለቀስተኛ ለመቀበል ሁለቱም ወደ ፊት ዞሩ።